የረገበችው የአቶ ገብረጻድቅ አውታር

አቶ ገብረጻድቅ በሕይወት ሳሉ ሰፈራቸው አቃቂ በሰቃ የሚያውቃቸው በጨዋነታቸውና በክራራቸው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ፊት ቆመዋል። ጩኸቱ ጆሯቸውን ቀስ በቀስ ስላደከመው፣ ክራር ሲቃኙ አገጫቸውን እንጨቱ ላይ አስደግፈው ድምፁን በአጥንታቸው ያዳምጡ ነበር። ቀጭኗ አውታር ግን ምንጊዜም ትረግብባቸዋለች። ጎረቤታቸው ባለሱቋ ዙለይኻ፣ «ጋሼ፣ ያቺ ቀጭኗ ዛሬም ጾም ይዛለች?» ስትላቸው ከልባቸው ይስቃሉ እንጂ አይቀየሙም።

ካረፉ በኋላ ጊታሪስቱ ልጃቸው ሰይፈሥላሴ የአባቱን ዜማዎች ከሮክ ጋር አዋሕዶ፣ በስማቸው የሚወጣ አልበም ሠራ። ክራሩንም ራሱ መታ። ነገር ግን እናቱ ወይዘሮ ወርቅነሽ ሰምተው ካልፈቀዱ ላያወጣው ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር። በእናቱ ቤት ከቀብሩ ወዲህ ራዲዮ እንኳ ተከፍቶ ስለማያውቅ፣ ሙት ዓመቱ እስኪወጣና ጥቁሩ እስኪወልቅ በትዕግሥት ጠበቀ።

ቀኑ ሲደርስ ከሚኖርበት ከኮዬ ፈጬ በሚኒባስ መጥቶ አሰማቸው። ወይዘሮ ወርቅነሽ ጥቂት ካዳመጡ በኋላ የመታው ማን እንደሆነ ጠየቁ።

«እኔ ነኝ እማዬ፤ በአባዬ ክራር።»

«ክራሩስ የሱ ነው ልጄ። ቅኝቱ ግን የሌላ ሰው ነው።»

ሰይፈሥላሴ አንገቱን ደፋ። ቀጭኗን አውታር በስልኩ መቃኛ ልክ ያስገባት እሱ ነበር። አባቱን አከብራለሁ ብሎ አርሟቸው ኖሯል።

ሌላው ቢሆን እናቱን አባብሎ ያልፍ ነበር። እሱ ግን የአራት ወር ልፋቱን ትቶ እንደ አዲስ ሊቀዳ ቆረጠ። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ጓደኛው ብሩህ፣ ለአንድ አውታር ተብሎ ቤት አይፈርስም፣ በኮምፒውተር ዝቅ ይደረግ ብሎ ቢያጉረመርምም አልሰማውም። እናቱን ስቱዲዮ ወሰዳቸው። በሕይወታቸው ክራር ነክተው የማያውቁት ወይዘሮ ወርቅነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው አውታሯን ጥቂት በጥቂት ሲያላላት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ገና... ገና... እዚያው ተዋት» አሉ።

ጊታሮቹ ሁሉ እንደ ክራሩ ተቃኙ። መጀመሪያ ጆሮ ይኮሰኩስ ነበር፤ ሦስተኛው ዜማ ላይ ግን ብሩህ ራሱ ማጉረምረሙን ትቶ በፈገግታ ይጫወት ጀመር።

ወይዘሮ ወርቅነሽ እስከ መጨረሻው አዳምጠው ተነሡና የልጃቸውን ግንባር ሳሙ።

«አሁን የአባትህን ስም ጻፍበት።»