ከክንፉ ጋር የተሰፋች ፀጉር

ሌዎንቲን ቫሮኪየ እጇ ወርቅ፣ ምላሷ እሳት ነበር። የሙሽራ ቀሚስ ስትሰፋ ኖራ በሠላሳ አራት ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 መሆኑ ነው፣ ፈረንሳይ ውስጥ ሴይን ወንዝ ዳር ካለው የአውሮፕላን ፋብሪካ ገባች። እዚያ የምትሰፋው የአንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ክንፍ የሚለብሰውን ሸራ ነበር።

«ይቺ ሙሽራ ወፍራም ናት፤ ደግነቱ አታለቅስም» ትል ነበር።

አውሮፕላኑ ለሙከራ የተሠራ፣ አንድ ለእናቱ ነው። ሆዱ ከመነፋቱ የተነሣ የመንደሩ ሰው «ነፍሰ ጡሯ» ይለዋል። ጦሩ ከወደደው ሌላ ሃምሳ ይታዘዛል ተባለ።

የሌዎንቲን ልብ ግን ከአውሮፕላኑ ሳይሆን የክንፉን ሸራ ቫርኒሽ ከሚቀባው ከአንሴልም ዘንድ ነበር። አንሴልም ዝምተኛ ነው፤ ብሩሾቹን እንደ ጨቅላ ልጅ ያጥባል። ትልቁ የዓለም ጦርነት የመንደሩን ጎረምሳ ጨርሶት ስለነበር፣ እንዲህ ያለ ወንድ በፋኖስ ቢፈለግም አይገኝም።

ሰፊዎች አንድ ልማድ አላቸው፦ በሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ ውስጥ የራሷን ፀጉር የሰፋች ዓመቱ ሳይወጣ ታገባለች። ሌዎንቲን በዐሥራ ሰባት ቀሚስ ሞክራ አንዱም አልሠራላትም።

«ቀሚስ አነሰሽ፤ አንቺን የሚያወጣሽ ክንፍ ነው» አለቻት አጠገቧ የምትሰፋው ኦርታንስ።

«ባሌ እንዲበር?»

«እንዲመጣ ነዋ! በእግሩማ አልመጣልሽም!»

ተሳሳቁ። ከሰዓት በኋላ ግን ሌዎንቲን ግራ ቀኝ አይታ አንዲት ፀጉር ነቀለችና ከክንፉ ስፌት ጋር ሰፋቻት። አንሴልም ፀጉሯን ሳያያት ቫርኒሹን ቀባባት።

በሙከራው ጠዋት የጦሩ ተቆጣጣሪ መነጽሩን አድርጎ ክንፉን ሲዳብስ፣ ጣቱ ቫርኒሹ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አገኘ።

«የብሩሽ ፀጉር! ማነው የቀባው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ብሩሾቼ ግን ፀጉር አይጥሉም» አለ አንሴልም።

«ታዲያ ክንፉ ጺም አበቀለ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሌዎንቲንም አብራ ሳቀች። «የኔ ናት» ብትል የሰፊዎችን ልማድ የሰማ መቶ ወንድ ማንን እንደተመኘች ሊያውቅባት ነው፤ የሰው መሳቂያ ከመሆን ዝም ማለትን መረጠች። ሸራው ተገፈፈ፣ አንሴልም በዚያው ቀን ተባረረ።

በሩ ላይ ደረሰችበት። ብሩሾቹን በሽርጡ ጠቅልሎ ይዟል።

«አንቺ ዓይንሽ ስል ነው፤ ሌላውን አላምንም። እውነት ከኔ ብሩሽ ነው?»

ሌዎንቲን ጥቅሉን አየች።

«ብሩሽም ያረጃል፣ አንሴልም» አለችው።

ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ጥቅሉን ለዘበኛው ሰጠና «አጥር ቀባበት» ብሎ ሄደ።

ነፍሰ ጡሯ ከአራት ቀን በኋላ አዲስ ሸራ ለብሳ በረረች። ጦሩ «ቀርፋፋ ናት» ብሎ ተዋት፤ ፀጉር ኖረም አልኖረም ያው ነበር።

ኦርታንስ እንደምታወራው አንሴልም ናንት ከተማ ገብቶ ዓሣ ነጋዴ ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ብሩሽ በእጁ አልነካም። ሌዎንቲን ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ልትጽፍለት ተቀመጠች። ሁለቱንም ጊዜ ከሰላምታው አላለፈችም።