ጋሽ ቀስ በቀስና የማትሞቀው ፒካፕ

መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ካርቶኑ ነው። ከአሮጌዋ ፒካፕ የፊት ፍርግርግ ኋላ ራዲያተሩን ሸፍኖ ቆሟል፤ የብስኩት ስም ተገልብጦ ይነበብበታል። ሌላው መኪና ሁሉ ነፋስ እየጠጣ ሲበር ይህቺ ደረቷን ሸፍና ትወጣለች። እኔ ለጌጥ መስሎኝ ነበር።

«ለጌጥማ ቢሆን የከረሜላ እመርጥ ነበር» አሉኝ ባለቤቷ። «እንዲሞቃት ብዬ ነው። ሞተሯ ካልሞቀ ማሞቂያውም አይሞቅ፣ እኛም አንሞቅ።»

የምኖረው እሳቸው ግቢ ውስጥ ባለች የኪራይ ክፍል ነው። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ቀስ በቀስ» ይላቸዋል፤ አነዳዳቸውን አይቶ ነው። ኤሊ ጥሩምባ ነፍታባቸው አልፋለች እየተባለ ይቀለድባቸዋል። እሳቸው ግን አይከፉም። «የቸኮሉትን ሁሉ ኮፈን ከፍተው መንገድ ዳር ቆመው አገኛቸዋለሁ» ይላሉ። ዕድሜያቸው ያለቀው በበረሃ መንገድ ጭነት ሲያመላልሱ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ያሽከረከሩት መኪና አንድም ቀን ውሃ አፍልቶ አያውቅም። ይህንን ሲናገሩ ድምፃቸው ልክ ስለ ልጃቸው ሲያወሩ እንደሚሆነው ይሆናል።

ልጃቸው በቅርቡ ወልዳለች። ሕፃኗ ወሯ ሳይሞላ ስለመጣች ከሰፈራችን ብርዳም ዳገት ማዶ ባለው ሆስፒታል፣ ሙቀት በተሞላ ክፍል ውስጥ ሰነበተች። በመጨረሻ ሐኪሙ ትውጣ አለ፤ ብርድ ግን እንዳይነካት። ጋሽ ቀስ በቀስ ስልኩን ሲያነሱ እኔ ደጃፌ ላይ ልብስ አሰጣ ነበር። ጆሯቸው ስለደከመ በስልክ የሚያወሩት ድምፁን ከፍ አድርገው ነው፤ ግቢው ሁሉ ይሰማል።

«አባዬ፣ እንዳትቀየመኝ። ባለቤቴ የጓደኛውን መኪና ይዞ ይመጣል።»

«የእኔ መኪና ምን ሆነች?»

«ጋቢናዋ ይበርዳል።»

«ማን አለ?»

«እኔ ነኛ! ባለፈው ስትወስደኝ ጥርሴ ሲንገጫገጭ አልነበር?»

«መስኮቱ ተከፍቶ ነው።»

«አባዬ…»

«እሺ፣ እስከ ነገ ጊዜ ስጪኝ። ካልሞቀች እኔው ራሴ ደውዬ ባልሽን እልከዋለሁ።»

ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄን ስትወለድ ከሆስፒታል ያወጣኋት በመሥሪያ ቤት ካሚዮን ነው፣ አለቃዬን ለምኜ» አሉ። «ይህቺኛዋን እንኳ በራሴ መኪና ላምጣት ብዬ ነበር።» 

መኪናዋን በቀጥታ ታናሽ እህታቸው ጋ ወሰዷት። እህታቸው የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ በዕድሜ ከእሳቸው ይልቅ ለእኔ ትቀርባለች። መንገዱ መታጠፊያ ላይ የራሷ ጋራዥ አላት። ምንጊዜም ጥፍሯ ሥር ቅባት፣ አፏ ውስጥ ቀልድ አይጠፋም። እኔም ነገሩ ከነከነኝና ተከትዬ ሄድኩ።

መጀመሪያ ከዳሽቦርዱ ሥር ካለችው ትንሿ የማሞቂያ ራዲያተር ሁለቱን ቱቦዎች ፈታችና ውሃ በኃይል ለቀቀችባት። በሌላኛው አፍ እንደ ሻይ የጠቆረ ዝገት ወጣ።

«አየሽ! ቆሻሻ ነው እንጂ መኪናዋ ምንም የላትም!» አሉ ወንድሟ።

ውሃው እስኪጠራ አጠበችው፣ መልሳ ገጠመችው፣ ሞተሩን አስነሳች። ጥቂት ጠብቀን ሁላችንም እጃችንን ነፋሱ በሚወጣበት ዘረጋን።

«ሞቋል» አሉ እሳቸው።

«የትኩሳት በሽተኛ እንኳ ከዚህ የተሻለ ይተነፍሳል» አለች። ተመልሳ ቱቦዎቹን በየተራ ጨበጠቻቸው። «ትንሿ ራዲያተር ተደፍና ቢሆን አንዱ ትኩስ፣ አንዱ ቀዝቃዛ ይሆን ነበር። ሁለቱም ለብ ብለዋል። ማሞቂያው ጤነኛ ነው፤ የማይሞቀው የሞተሩ ውሃ ነው።»

ሞተሩን አጥፍታ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች። ከዚያ ውሃው ከሞተር ወደ ዋናው ራዲያተር በሚያልፍበት አንገት ላይ ሁለት ብሎን ፈታችና ወደ ውስጥ አየች። ቀና አለች።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«እዚህ ውስጥ የነበረው ዕቃ የት ገባ?»

«የቱ ዕቃ?»

«ቴርሞስታቱ። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ዘግቶ የሚይዘው።»

ጋሽ ቀስ በቀስ የጋራዡን ጣሪያ መመልከት ያዙ። «እሱንማ መኪናዋን የገዛሁ ዕለት ነው ያወጣሁት» አሉ። «እንደ ትርፍ አንጀት ነው እኮ። ሳያስቸግር በፊት ማውጣት ነው።»

«ትርፍ አንጀቱ የወጣ ሰው አይበርደውም። ያንተ መኪና ግን ስትንቀጠቀጥ ከረመች። አሁን የቤትህን በር ነቅለህ ጥለህ፣ ቤቱ አልሞቅ አለ ብለህ ግድግዳው ላይ ካርቶን ትለጥፋለህ?»

አልሳቁም። በርሜል ላይ ተቀመጡና ነገሩን ዘረዘሩልን። መንዳት ያስተማሯቸው ሽማግሌ ይነዱት የነበረው ካሚዮን በረሃ መሐል ቆመ፤ ቴርሞስታቱ ተጣብቆ አልከፈት ብሎ ሞተሩ ፈላ፣ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ተቃጠለ። ሽማግሌው በዚያው ከሥራ ተባረሩ። ጋሽ ቀስ በቀስ ከዚያ ወዲህ እጃቸው የገባውን መኪና ሁሉ ቴርሞስታት መጀመሪያ ያወጣሉ፤ ወጣት ሾፌሮችንም እንዲህ አድርጉ እያሉ ሲመክሩ ኖረዋል። በረሃው ውስጥ ያዋጣ ነበር። እዚህ ዳገት ሥር ግን ሞተሩ መሞቅ የሚጀምረው እቤት ሲደረስ ነው።

«አዲስ እገጥማለሁ» አለች እህታቸው።

«ቢጣበቅስ? ሕፃኗን ይዤ አቀበቱ መሐል ቢዘጋብኝስ?»

ክርክር መስሎኝ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ፍርሃት ነው። እሷም ያየች መሰለኝ፣ ቀልዷን ተወች። ከመለዋወጫ ሱቅ አዲስ አመጣችና የጋራዡን ምድጃ ለኩሳ ብረት ድስት ውሃ ጣደች። ቴርሞስታቱን በሽቦ አንጠልጥላ ውስጡ አስገባችው። ሦስታችንም አጎንብሰን ድስት ውስጥ ማየት ጀመርን። ውሃው እንፋሎት ማውጣት ሲጀምር የናሱ ክዳን በጣም በዝግታ፣ ዓይኑን እንደሚገልጥ ሰው ተከፈተ። ማንም አልነካውም። ከእኔ አፍ «ወይኔ!» የሚል ድምፅ አመለጠ።

ከውሃው ስታወጣው ደግሞ ቀስ እያለ ተዘጋ።

«ድገሚው» አሉ ጋሽ ቀስ በቀስ።

ደገመችው።

«እስቲ አሁንም።»

«ጋሼ፣ ሾርባ እኮ አይደለም፤ ብናቆየውም አይበስልም።»

«ድገሚው አልኩሽ።»

ደገመችው። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ፣ እንደገና አደረጉ፣ እንደገና አዩ። «ይሁን፣ ግጠሚው» አሉ።

ገጠመችው፤ አዲስ ውሃ ሞልታ በቱቦው ውስጥ የታፈነውን አየር አስወጣች። ካርቶኑንም አውጥታ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተችው። ዳገቱን ለሙከራ ስንወጣ ሦስታችን ጋቢናው ውስጥ ተጠጋግተን ነበር። የሙቀት መለኪያው መርፌ እኔ ካወቅኋት ጀምሮ ከታች ተጋድሞ የኖረ ነው፤ አሁን ተነሣ። ጋሽ ቀስ በቀስ መንገዱን ትተው እሱን ያያሉ።

«ጋሼ፣ መንገዱ ፊትህ ነው ያለው!»

«እየወጣ ነው እኮ!»

«ይውጣ። መሐል ሲደርስ ይቆማል።»

መሐል ደረሰና ቆመ። እግራችን ሥር ሞቅ ያለ ነፋስ ተነሣ። እህታቸው ሻርፗን ፈታች። አናቱ ላይ ስንደርስ መኪናዋን አቁመው ኮፈኑን ከፈቱ፣ አዩ፣ አሸተቱ፣ ዘጉ። ከዚያ ለልጃቸው ደወሉ። «ለባልሽ እንዳይለፋ ንገሪው» አሏት፤ ወዲያው ዘጉት።

በማግስቱ ጠዋት እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንቆም ሞተሩን አላጠፉም።

«ጋቢናው እንዳይቀዘቅዝ አንቺ እዚህ ተቀመጭ። በሩን ለማንም እንዳትከፍቺ፤ ሙቀቱ ይወጣል።»

«መርፌውንስ ልጠብቅ?»

«እሱ ራሱን ይጠብቃል» አሉ።

ወዲያው አልወረዱም። ሁለት መዳፋቸውን ትኩሱ ነፋስ ላይ አድርገው ፊትና ጀርባውን ገላበጧቸው። የቆዳቸው ስንጥቅ ሁሉ ቅባት ይዟል፤ ጠዋት በሳሙና ደጋግመው ቢፈትጉትም አልለቀቀም።

«በቀዝቃዛ እጅ ሕፃን አይያዝም» አሉኝ።

ከዚያ ቶሎ ወርደው በሩን በክርናቸው ገፍተው ዘጉት። ሁለቱን እጆቻቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ በውርጩ ውስጥ፣ ከወትሯቸው ፈጠን እያሉ ወደ ሆስፒታሉ ደረጃ ሄዱ።