መድኃኒት ነው ብዬ የጠጣሁት ወተት

ከአዳማ ወደ ናይሮቢ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ናይሮቢ የሄድኩት የሰው ሐኪሞች፣ የእኔ ቢጤዎችና የአካባቢ ተመራማሪዎች አብረው ለሚመክሩበት ስብሰባ ነው። የሰው፣ የእንስሳትና የአካባቢ ጤና አይነጣጠልም የሚል ስብሰባ። ልቤ ግን እዚያው ከተማ ካሳራኒ የሚባል ሰፈር ያለችው ታላቅ እህቴ ፀሐይ ዘንድ ነበር። ትኩሳት ለወራት እየተነሳባትና እየተዋት አልጋ ላይ ጥሏታል። ልጇ ቤቴል ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች።

ለእህቴ የያዝኩትን ለጋ ቅቤ የናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ ፈታሽ "የእንስሳት ውጤት አይገባም" ብሎ ወሰደብኝ።

"እኔ እኮ የእንስሳት ሐኪም ነኝ!"

"እንግዲያውስ ከእኔ በላይ ታውቃለህ" አለኝ እየሳቀ። ካሳራኒ እስክደርስ እንዳኮረፍኩ ነበር።

ካሳራኒ

ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ በሙዚቃ ሲያደነቁረኝ ቆይቶ ቲካ መንገድ ዳር አወረደኝ። እህቴ ካለችበት ፎቅ ሥር ፍየሎች የቆሻሻ ክምር ላይ ወጥተው የሙዝ ልጣጭ ይሻማሉ። ከእነሱ አጠገብ ከተሰነጠቀ ቱቦ የሚወርድ ውኃ አለ፤ እሱንም ይጠጣሉ። አይቼ አለፍኩ።

እህቴን ሳያት ክው አልኩ። ያቺ ደልዳላ ሴት ጉንጯ ጎድጉዷል፤ የምትነሳው ግድግዳ ተደግፋ ነው።

"ምን አሉሽ እትዬ?"

"ታይፎይድ ይሉኛል። ክኒኑን ስወስድ ይተወኛል፣ ደግሞ ይመለሳል።"

"ኤቭሪ ታይም ሴም ቲንግ ነው አጎቴ" አለች ቤቴል። "ክሊኒኩ ሰልችቶናል።"

ጠዋት ቤቴል በብርጭቆ ወተት አመጣች፤ ለእናቷ፣ ለእኔና ለራሷ። የቤተ ክርስቲያን እህቶች አዋጥተው ከታች ፍየል ከምታረባው ከማማ ዋንጂሩ ለበሽተኛዋ በየቀኑ ያስመጡላታል።

"ፍየል የማትበላው ቅጠል የለም፤ ወተቷ መድኃኒት ነው" አለች እህቴ። "እንዳይፈላ ነው እንጂ፤ ከፈላ ኃይሉ ይሄዳል።"

እናታችንም እንዲሁ ትል ነበር። ግጥም አድርጌ ጠጣሁት፤ ጣፈጠኝም።

ጊጊሪ

ስብሰባው ያለበት ጊጊሪ ሰፈር ሌላ አገር ነው። ሣሩ ተከርክሟል፣ ከየአጥሩ በስተጀርባ ጸጥታ አለ። ተራዬ ሲደርስ ስለ ብሩሴሎሲስ መናገር ጀመርኩ። ከብትንና ፍየልን ጽንስ የሚያስጥል፣ ባልፈላ ወተት ወደ ሰው የሚሻገር በሽታ ነው። ሃያ ዓመት የማውቀው ነገር ስለሆነ ወረቀቴን እንኳ አላየሁም።

"በሰው ላይ ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፤ ላብ ያጠምቃል። ብዙ ጊዜ ታይፎይድ እየተባለ..."

እየዘረዘርኩ ያለሁት እህቴን ነበር! የጠዋቱ ወተት ጣዕም ምላሴ ላይ መጣ። ቀጥሎ የምናገረው በሽታው የነፍሰ ጡር ሴትንም ጽንስ ሊያስወርድ እንደሚችል ነበር። ቤቴል ብርጭቆዋን ስትጨርስ አጠገቧ ነበርኩ። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ፤ እንዴት ታክሲ ውስጥ እንደገባሁ አላስታውስም።

እንደገና ካሳራኒ

ወደ ቤት ሳልወጣ ቤቴልን ጠርቼ ማማ ዋንጂሩ ዘንድ ወሰድኳት፤ ስዋሂሊውን እንድታስተረጉምልኝ።

"ጽንስ የጣለች ፍየል አለችሽ?"

"ዘንድሮ ሦስቱ ጥለዋል" አለች ሴትዮዋ፣ ጉልበቷን በመዳፏ እያሸች።

"ታዲያ ለምን ለማንም አልተናገርሽም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ቤቴል ተርጉማልኝ ሳትጨርስ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። "አጎቴ፣ እኔ እኮ ሁልጊዜ እጠጣለሁ" አለች፤ በዚህ ጊዜ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አልቀላቀለችም።

በማግስቱ አራታችንም ተመረመርን። እህቴና ማማ ዋንጂሩ በሽታው ተገኘባቸው። ቤቴል ለጊዜው ነጻ ናት፤ እንደ እኔ ተመልሳ ትመረመራለች። እህቴ የሳምንታት መድኃኒቷን ታቅፋ አየችኝ።

"የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል አሉ። ሐኪም ወንድም እያለኝ ሳልጠይቅህ!"

"እኔስ ስደውል ምን እንደምትጠጪ ጠይቄሽ አውቃለሁ?" አልኳት። አፈርኩ፤ አሁንም አፍራለሁ።

አዳማ

በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን የቆየ ደንበኛዬ አቶ ገመቹ ዘንድ ሄድኩ። ላማቸው ጽንስ ጥላለች። እንደ ወትሮው ጓንቴን አጥልቄ መረመርኳት፣ ደም ወሰድኩ። ልወጣ ስል ቆምኩና ከዚህ በፊት ጠይቄ የማላውቀውን ጠየቅኋቸው።

"አቶ ገመቹ፣ ቤት ውስጥ ትኩሳት የሚመላለስበት ሰው አለ?"

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝ።

"ባለቤቴ ከተኛች ዓመት ሊሞላት ነው" አሉ። "ዶክተር፣ ሁልጊዜ በደጃፏ አልፈው እኮ ነው ወደ በረቱ የሚገቡት።"