ታጥበሽ ነይ የተባለችው ተወዳዳሪ

ከአርባ ምንጭ በማለዳ ተነሳን፤ እኔና ሾፌሩ ጋሽ ወርቁ፣ በመሥሪያ ቤታችን አሮጌ ላንድሮቨር። ጂንካ ላይ የባህል ልብስ የቁንጅና ውድድር ተዘጋጅቷል። የአለቃዬ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ «ከሐመር አንዲት ተወዳዳሪ ይዘሽ ድረሺ።» በምን መንገድና በምን ጎማ እንደምደርስ የነገረኝ የለም።

ኮንሶን አልፈን ወይጦ ሜዳ ላይ ስንደርስ ጎማው ፈነዳ። ትርፍ የተባለው ጎማ ራሱ ድሪቶ ነበር። ጋሽ ወርቁ በዚያ ሐሩር ተንበርክኮ ሲታገል፣ እኔ ጥላ ብዬ የተጠጋሁት ግራር እሾሁን በጫማዬ አሳልፎ ሰካብኝ። ቀይ አፈር ከተማ ስንገባ ገበያው ተበትኗል። ደረቅ ዳቦ በሻይ እየነከርን በልተን እዚያው አደርን።

ቱርሚ

ኬሪ የምትባለውን ወጣት የሐመር ሴት ያገኘናት ከመንደሩ በታች፣ በደረቀው ወንዝ ውስጥ ነው። አሸዋ ቆፍራ፣ ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ በቅል ውሃ ትቀዳለች። በቅቤና በቀይ አፈር የተገመደው ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። የፍየል ቆዳ ልብሷ በጨሌና በዛጎል አጊጧል፤ አንገቷ ላይ የመጀመሪያ ሚስት መሆኗን የሚናገር ብረት አለ። አማርኛ የለመደችው ገበያ ማር እየሸጠች ነው።

የመጣሁበትን ስነግራት ሳቀች።

«ቆንጆ ለመምረጥ ጂንካ ድረስ?» አለች። ትንሽ አሰበችና፣ «እዚያ ትልልቅ ሰው አለ?»

«አለ።»

«እሄዳለሁ።»

ስንወጣ መንደሩ መሃል በቆመ የእጅ ፓምፕ በኩል አለፍን። እጀታው ላይ ፍየል ይታከካል።

ጂንካ

አዳራሹ በባንዲራ አሸብርቋል። ተወዳዳሪዎቹ ግን አብዛኞቹ የከተማ የቢሮ ልጆች ናቸው፤ ቆዳውንም ጨሌውንም የተዋሱት ነው። የዝግጅቱ ሰብሳቢ ኬሪን ከላይ እስከ ታች ተመለከታትና ወደ እኔ ዞረ።

«ጓድ፣ ይሄ ቅቤ ወንበር ያበላሻል። ታጥባ፣ ሸሚዝ ደርባ ትምጣ። ብረቱንም ታውልቀው።»

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ውድድሩ የባህል ልብስ ነው እኮ!»

«ባህል ከነቆሻሻው አልተባለም። እምቢ ካለች ልብሷን ለታይፒስታችን ታውሳት።»

«ቆዳዬን አልሰጥም» አለች ኬሪ። ሁሉንም ሰምታ ኖሯል።

ደሜ ፈላ። ከሰብሳቢው ጋር ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን፣ በመጨረሻ ወንበር ሳትነካ፣ ቆማ ተራዋን እንድትጠብቅ ተፈቀደላት። ይህም እንደ ውለታ ተቆጠረብኝ!

እያንዳንዷ ተወዳዳሪ መድረኩን ዞራ «ቁንጅና ምንድን ነው?» ተብላ ትጠየቃለች። የቢሮዎቹ ልጆች በቃላቸው የያዙትን ወረዱት። የኬሪ ተራ ሲደርስ ማይክሮፎኑን ይዛ ሰብሳቢውን በጣቷ አመለከተችው።

«አንተ ታጠቢ አልከኝ። በምን ልታጠብ? ቱርሚ ፓምፕ ተሰበረ። ሰውዬው እመጣለሁ ይላል፣ አይመጣም። እኛ አሸዋ እንቆፍራለን። ልጅ ይጠማል፣ ከብት ይጠማል። አንተ መጀመሪያ ውሃ ስጠኝ።»

ከኋላ የተቀመጡ ሴቶች እልል አሉ። እርስዎ መባል የለመደው ሰብሳቢ ማይክሮፎኑን ከእጇ ነጠቃት። ያሸነፈችውም በተዋሰችው የሐመር ልብስ የቀረበችው ታይፒስቷ ናት።

ስንወጣ አንድ ጎልማሳ በር ላይ ጠበቀን፤ ፊቱ በሐፍረት ቀልቷል።

«ያ ሰውዬ እኔ ነኝ» አለ። «የፓምፕ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። የፓምፑን የተበላሸ ጎማ የሚተካው መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። መኪና ስጡኝ ብዬ ያልለመንኩት ሰው የለም።»

አንዲት ሴት ለትርኢት የሚያመላልስ መኪና ተገኝቷል፤ ለውሃ ግን ጠፍቷል። በንዴት መሳቅ ቃጣኝ።

«ዕቃህን አምጣና ተሳፈር!» አልኩት።

ጋሽ ወርቁ አላጉረመረመም። በማግስቱ ቱርሚ ላይ ሰውየው ፓምፑን ፈታታ፤ የመዳፍ ያህል ጎማ ለውጦ ገጠመው። መጀመሪያ ዝገት የቀላቀለ፣ ቀጥሎ ጥሩ ውሃ ወረደ። ሴቶቹ ተጋፍተው ቅላቸውን ደቀኑ።

«አሁንስ ትታጠቢያለሽ?» አልኳት ኬሪን እየቀለድኩ።

ያበድኩ ይመስል አየችኝ። «ቅቤዬን?»

አርባ ምንጭ

ቤቴ የገባሁት አቧራ ለብሼ፣ ወገቤ ተቆርጦ ነው። በማግስቱ አለቃዬ የአሸናፊዋን ፎቶግራፍ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት።

«እንዴት ያለች ቆንጆ የሐመር ልጅ!» አለ።

«ታይፒስት ናት» አልኩት።

ፎቶግራፉን ገለባበጠና፣ ለከርሞ ምን ቢሻሻል ጥሩ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከጉዞው የተማርኩት ይኸው ነውና ሳላለሳልስ ነገርኩት፦ «ልብሷን ለማየት ጠራናት፤ እሷን ማየት ግን ከበደን። ለከርሞ ተወዳዳሪ አናመላልስ። ዳኞቹ ራሳቸው ቱርሚ ይውረዱ፣ አሸዋ ቆፍረው ይጠጡ፤ ከዚያ ስለ ቁንጅና ይጠይቁ።»