ሣር ውስጥ የወደቀችው ሞላ

ቴፒ ውስጥ ሣር ማጨድ የማያልቅ ሥራ ነው። ዝናቡ አያባራም፤ ዛሬ ያጨድከው ዞር ብለህ ስትመለስ ጉልበትህ ላይ ደርሶ ይጠብቅሃል። ለዚህ ነው የቡና እርሻችን ሥራ አስኪያጅ አንድ ቀን ተነስቶ፣ ሰው ላዩ ላይ ተቀምጦ የሚነዳውን የሣር ማጨጃ ያስመጣው። ቀይ ነው፣ መቀመጫው ተቀዷል፣ ከእኛ በፊት ስንት ጌታ እንዳየ ፈጣሪ ይወቅ። የጄኔሬተሩም የቡና መፈልፈያውም መካኒክ እኔ ስለሆንኩ እሱም ለእኔ ተሰጠ። ነጂውም እኔ፣ ጠጋኙም እኔ።

ማሽኑ ሳይመጣ በፊት የእንግዳ ማረፊያውንና የኳስ ሜዳውን የሚያጭዱልን የሰፈር ሴቶች ነበሩ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ግቢው ይጸዳል፣ ሣሩ ለአጫጁ። እያደር አብዛኞቹ ተዉት። እስከ መጨረሻው የዘለቁት አንዲት ጎረቤቴ ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። የሸዋ ቤንች ሰው ናቸው፣ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፣ ያለቻቸው አንዲት ላም ናት። የዚያችን ላም ወተት ነው ልጄ የምትጠጣው። ሚስቴ ጡቷ ከደረቀ ወዲህ በየጠዋቱ በአጥራችን ቀዳዳ አንድ ጆግ ወተት ይገባል። ስለ ክፍያ ያነሳሁ ቀን ተቆጡኝ። "በሕፃን ጉሮሮ ይነገዳል እንዴ?" አሉኝ። እኔስ ውለታቸውን በምን መለስኩ? ማሽኑ ላይ ጉብ ብዬ ሣራቸውን ፈጨሁባቸው።

ማሽን የቆረጠው ሣር ለላም አይሆንም። ብትንትኑ ወጥቶ ከአፈር ይቀላቀላል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። እማማ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በጆንያ ሰብስበው ሞክረውት ነበር፤ ላሟ አሽትታ ፊቷን አዞረች። ከዚያ በኋላ ማጭዳቸውን ይዘው በቡናው ሥርና በቦዩ ዳር መዞር ጀመሩ። ጉልበታቸውን ደግሞ ያማቸዋል። አንድ ቀን ከሚስቴ ጋር ሲያወሩ "እንግዲህ ላሜን ሳልሸጣት አልቀርም" ሲሉ ሰማሁ። ሰምቼ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሥራዬ ነው፣ ምን ላድርግ?

ከዚያ ማሽኑ ታመመ። ሞተሩ ዙሩ ከፍ ይላል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ከፍ ይላል፤ ስብከት ላይ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቤንዚኑን ነው። ማደያ ላይ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚገዛ ቤንዚን ግማሹ ውኃ ቢሆን ማን ይጠየቃል? ታንኩን አራግፌ፣ አዲሱን በጨርቅ አጣርቼ ሞላሁ። የአየር ማጣሪያውን አጸዳሁ፣ ካንዴላውን ነቅዬ ወለወልኩ። የታንኩ ክዳን ታፍኖ እንደሆነ ብዬ አላልቼ አስነሳሁት። ለውጥ የለም። የቀረው ካርቡሬተሩ ነው፤ እሱን እዚያው ሜዳው ላይ ፈታሁት። ሰው ጋራዥ እያለው ሣር ላይ ካርቡሬተር ይፈታል? ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ቀዳዳውን የዘጋውን ቆሻሻ አግኝቼ ደስ እያለኝ ስገጥም፣ ከጎኑ ያለችው ቀጭን ሞላ ከጣቴ አምልጣ ተፈናጠረች። የት እንደወደቀች እንኳ አላየሁም።

ሞላዋ እንዲህ ቀላል አይደለችም። የሞተሩን ዙር ልክ የምታስይዘው እሷ ናት። ማጨጃው ወፍራም ሣር ሲገጥመው ሞተሩ እንዳይሞት፣ ባዶ ሲሆን እንዳይቀውጥ ጎተት ለቀቅ የምታደርገው። በጉልበቴ ተንበርክኬ ሣሩን ስዳብስ ዋልኩ፤ የለችም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ የእስክሪብቶ ሞላ ገጠምኩለት። ሞተሩ ተነሳ፤ ግን ከፊተኛው ብሶ ይነሳል፣ ይወድቃል። ቢላዋውን ሳገናኘው ጭራሽ ድርግም። ሥራ አስኪያጁን "ዕቃ ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት" አልኩት። ሞላዋን ራሴ እንደጣልኳት ግን ትንፍሽ አላልኩም።

እማማ ወደ ሜዳው ተመለሱ። ላሟ በቂ ሣር ስታገኝ ወተቷ ጨመረ፣ ጆጉ እስከ አፉ እየሞላ በአጥሩ ገባ፣ የልጄ ጉንጭ ሞላ። ማሽኑን ሳይ አፍራለሁ፤ ላሟን ሳይ ደስ ይለኛል።

እማማ ያጨዱትን ሣር እንዲሁ ለላም አይሰጡም። ጆንያ ላይ ዘርግተው፣ የሕፃን ፀጉር የሚያዩ ይመስል፣ በጣታቸው እየፈለፈሉ ያበጥሩታል። ፌስታል፣ ሚስማር፣ የሽቦ ቁራጭ ይወጣዋል። ከዚህችኛዋ በፊት የነበረቻቸው ላም ሽቦ ውጣ ነው የሞተችባቸው። ይህን ልማዳቸውን በየቀኑ እያየሁ፣ ሞላዬ በእጃቸው ልትገባ ትችላለች ብዬ ለአፍታ አላሰብኩም። ወይም ማሰብ አልፈለግሁም።

ቡና ገዢ እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ሜዳው መሀል ጠርቶኝ፣ ሰው ሰማ አልሰማ ሳይል አፈጠጠብኝ። "እንግዶቹ ሳይደርሱ ይህ ማሽን ካልሠራ ሌላ መካኒክ እፈልጋለሁ። አንተን መጦሪያ ቤት የከፈትን መሰለህ?" እማማ እዚያው አጥሩ ጥግ ጀርባቸውን ሰጥተው ያጭዱ ነበር። ማጭዳቸው ለአፍታ እንኳ አልቆመችም።

በማግስቱ ጠዋት ወተቱ በአጥሩ ቀዳዳ አልገባም። እማማ ራሳቸው በበሩ ይዘውት መጡ። ጆጉን ለሚስቴ ሰጥተው ወደ እኔ ዞሩና የተጠቀለለ የኮባ ቅጠል ዘረጉ። ውስጡ ሞላዬ አለች።

"ሣር ሳበጥር አገኘኋት። ያንተ ናት?"

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "አዎ፣ የጄኔሬተሩ ናት" አልኳቸው።

"እንኳን ላሜ አልዋጠቻት" አሉ።

"እንኳን" አልኩ እኔም። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ቀኑን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ስትወጋኝ ዋለች። ቦዩ ውስጥ ልጣላት አልኩ፤ ደግሞ የቤቱ ኪራይ ትዝ አለኝ፣ ሚስቴ ትዝ አለችኝ። በመጨረሻ ጋራዥ ገብቼ የእስክሪብቶዋን አውጥቼ እሷን ገጠምኩ። ሞተሩ አንዴ ሳል አለና ቀጥ ብሎ መጮህ ጀመረ፤ ከፍ ዝቅ የለ፣ አንድ ወጥ ድምፅ። መካኒክ ሆኜ የዳነ ሞተር ሰምቼ ያልተደሰትኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሜዳውን አጨድኩ። በአጥሩ በኩል ያለውን ለእማማ ብዬ ብተወው ሥራ አስኪያጁ በጣቱ እያሳየ "ያንንስ?" አለኝ። "እሱ ለላም ይሁን፣ ሰው ያጭደዋል" ስለው፣ "እንግዳ የሚቀበለው ላም ነው?" ብሎ ሳቀ። እሱንም ፈጨሁት። ቀና ስል እማማ ማጭዳቸውንና የታጠፈ ጆንያቸውን ይዘው ከአጥሩ ወዲያ ቆመዋል።

"እሰይ፣ ዳነልህ" አሉኝ። "ጌታ ይባርክህ።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩና አጥሩን ተደግፌ፣ "እማማ፣ ያቺ ሞላ የጄኔሬተሩ አይደለችም፤ ዋሸሁዎት" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ። "የጠፋችብህ ዕለት ሣር ላይ ተንበርክከህ ስትፈልግ አይቼህ የለም እንዴ?"

"ታዲያ እያወቁ ለምን ሰጡኝ?"

እንደ ሞኝ አዩኝ። "አለቃህ ያለህን ሰማሁ። ላም ሲቸግር ትሸጣለች ልጄ። ልጅህ ትሸጣለች?"

እሳቸው ጆንያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ያቺን የሚያማቸውን ጉልበት እየጎተቱ ወደ ቦዩ ወረዱ።

ላሟን አንድ የጌጫ ሰው ገዝቶ ወሰዳት። እኔ እንዳትሸጥ ሣር ከሩቅ አመጣለሁ ብዬ ፎክሬ ነበር፤ ሁለቴ አመጣሁ፣ ከዚያ የእርሻው ሥራ በዛና ቀረሁ። እሳቸው አንድም ቀን አላነሱብኝም። ሆድ ይፍጀው እላለሁ፤ ሆዴም እየፈጀው ነው፣ ግን አያልቅም። ማሽኑ አሁንም ይሠራል፤ ሥራ አስኪያጁ ሰው ሲመጣ "የእኛ መካኒክ እኮ ጎበዝ ነው" እያለ ያሳየኛል።

ልጄ መራመድ ጀምራለች። ጠዋት ስትነቃ የዱቄት ወተቷን ገፋ አድርጋ ወደ አጥሩ ቀዳዳ ትሄድና ቆማ ትጠብቃለች። እማማ ከወዲያ ድምፅዋን ሲሰሙ ይመጡና እጃቸውን አሾልከው ጉንጭዋን ይዳብሷታል። እሷ ያንን እጅ ይዛ ገልብጣ ታየዋለች፤ ጆጉን ትፈልጋለች።