ከቀለሙ ሥር የወጡ ስሞች

ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ሃልቫርድ ፕሩት የገዛት ባለሸራ የፋይበርግላስ ጀልባ፣ የወደቡ ሰዎች እንደሚሉት፣ ከሱፒሪየር ሐይቅ በዕድሜ የምታንሰው በሁለት ዓመት ብቻ ነው። ስም ግን አልነበራትም። እዚያ ደግሞ የቀድሞ ስሟን ሳያጣራ አዲስ የሚጽፍባትን ሰው ማዕበል አድራሻውን ጠይቆ ይመጣበታል ይባላል።

ስለዚህ የኋላዋን ቀለም ፋቀ። አራት የሴት ስሞች ተደራርበው ወጡ። በሽያጭ ወረቀቶቿ ባለቤቶቹን እያፈላለገ ደወለ። ሦስቱ ሚስቶቻቸውን ፈትተው ጀልባዋን እንደሸጡ ነግረውት ዘጉበት። የመጀመሪያው ባለቤት ሞቷል፤ የዘጠና አንድ ዓመቷ ሚስቱ ቴልማ ግን ስልኩ ገና ሳይጠራ አነሱት ማለት ይቻላል።

“ስሜን የጻፈው ባሌ ነው። እኔ ውሃ ሳይ ሆዴ ስለሚገለባበጥ አንድም ቀን አልተሳፈርኩ። ዐሥራ አራት ዓመት ብቻውን ተንሳፈፈ። አንተስ የማንን ልትጽፍ ነው፣ ልጄ?”

ሃልቫርድም መለሰ፦ “ማንም የለኝም፣ እማማ።”

“እንግዲያው የኔኑ መልሰህ ጻፈው። እኔን ከዚህ ወንበር የሚያነሳኝ ጠፍቷል፤ ስሜ እንኳ ይንሸራሸር።”

ጻፈው። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ወጥቶ በተመለሰ ቁጥር ይደውልላቸዋል።

“እማማ፣ እርስዎ በሰላም ወደብ ገብተዋል።”

“ዛሬም አላስመለሰኝም?”

“ኧረ እንዴት ብሎ! ለነገም ይዘጋጁ።”