ጸሐፊዬ እህቴን ያጠፋበት ረቂቅ

መጽሐፋችሁን በሰው እጅ ለማስጻፍ የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የጻፈላችሁን ራሳችሁ አንብቡት። ሌላው ምክር ሁሉ ትርፍ ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ደባርቅ ላይ ወፍጮ ቤት አለኝ፤ ከዚያ በፊት ገበሬ ነበርሁ፣ ሊማሊሞን በሚወርዱ መኪናዎች ላይም ጫኝ ነበርሁ። ማንበቡን እችላለሁ። መጻፍ ግን ሌላ ነው፤ አንድ ገጽ ስጨርስ ትከሻዬ ኩንታል ከተሸከምሁበት ቀን ይብስ ይዝላል። ስለዚህ ከጎንደር ጸሐፊ አስመጣሁ፤ አርባን ያለፈ፣ መነጽር ያደረገ፣ የደባርቅን ጭቃ እየዘለለ የሚሄድ ሰው።

ሥራችን እንዲህ ነበር፦ እኔ አወራለሁ፣ እሱ ስልኩን ፊቴ አስቀምጦ ይቀዳል። ገና ሲጀምር ወፍጮው ይጮኻል ብሎ ሞተሩን አስጠፋኝ። እህል ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ሲቆጡ፣ ታሪክ እየተጻፈ ነው አላቸው። ከዚያ ወዲህ ታሪኩ አልቆ እንደሆነ ሳይጠይቁ በርበሬ የሚያስፈጩ የሉም። ነገር በጨረስሁ ቁጥር ደግሞ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ ይጠይቀኛል። ኩንታል ገብስ ጀርባው ላይ ያለ ሰው ምን ይሰማዋል? ገብሱ ይሰማዋል። ይህንኑ ነገርሁት፤ በኋላ ሳየው “የሕይወት ሸክም” ሆኗል።

ታገሥሁት። መጽሐፉን የፈለግሁት ለአንድ ነገር ነበርና።

ዳባት የተዳረች ታላቅ እህት አለችኝ። አባታችን ሲሞት ከመሬቱ ድርሻ ነበራት። የመሬት ምዝገባ የመጣ ጊዜ ኮሚቴው ማሳው ዳር ቆሞ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ ሌላ ወራሽ አለ ወይ ሲል ጠየቀኝ። “እህት የለኝም” አልሁ። ጎረቤቶቼ አቀርቅረው ቀሩ። መዝጋቢው ያልሁትን ጻፈ፣ እኔም በጣቴ ፈረምሁ። ማንበብ ስማር መጀመሪያ የገለጥሁት ያንኑ የይዞታ ደብተር ነው። እሷ የለችበትም። ስንገናኝ ስለ ዝናብ እናወራለን። ፊቷ ቆሜ መናገር አቃተኝ፤ ሽማግሌ መላክም አፈርሁ። በመጽሐፍ ከወጣ ግን አገር ያነበዋል፣ መካድ አልችልም ብዬ አሰብሁ። ይህን ለጸሐፊዬ ሳወራለት ዋልሁ። የዚያን ቀን ምን ተሰማዎት አላለኝም።

ከሁለት ወር በኋላ ረቂቁን ይዞ መጣና ሊያነብልኝ ተመቻቸ። ራሴ አነበዋለሁ ስለው ሳቅ አለ፤ ብዙ ገጽ ነው፣ ለምን ይደክማሉ አለኝ። እኔም ጣቴን መስመሩ ላይ እያስኬድሁ ደከምሁ። በሦስተኛው ቀን “ለወላጆቼ አንድያ ልጅ ነበርሁ” ከሚል ደረስሁ። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ተመልሼ አነበብሁት። አልተሳሳትሁም። የምዝገባውን ቀን ስፈልግ ደግሞ፣ በእሱ ፈንታ ድብ ባሕር ላይ በመሬት የተጣሉ ወንድማማቾችን የማስታርቅ ሽማግሌ ሆኜ ተገኘሁ። ድብ ባሕርን በመኪና ከማለፍ በቀር አላውቀውም።

አስጠራሁት።

“እህቴ የት ገባች?”

“ጋሼ፣ አንባቢ እርስዎን መውደድ አለበት። ያንን ካነበበ ይጠላዎታል። አንድያ ልጅ ሲሆኑ ደግሞ አንጀት ይበላሉ።”

“እኔ ሳልማር በጣቴ አጠፋኋት። አንተ ተምረህ በኮምፒውተር ደገምሃት።”

 ካሉ አይቀር ትንሽ ላለስልሰው አለኝ። አይሆንም አልሁት። ያችን ምዕራፍ ራሴ ጻፍኋት፤ ሦስት ገጽ፣ ዘጠኝ ቀን ፈጀች። ፊደሉን አርም፣ ቃሌን አትንካ ብዬ ሰጠሁት፤ አልነካም። የቀረውን መጽሐፍ እኔ ከምጽፈው አሳምሮ ጽፎታል፤ ይህን ግን ለእሱ አልነገርሁትም።

ሳይታተም በፊት ያችን ምዕራፍ ይዤ ዳባት ሄድሁ። እህቴ ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ላነብልሽ ነው አልኋት። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትለቅማለች። “እህት የለኝም አልሁ” የሚለው ጋ ስደርስ እጇ ቆመ፤ ከዚያ መልቀሟን ቀጠለች። ስጨርስ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥሁ።

“ይኸው ነው?” አለች።

“ይኸው ነው።”

“መጽሐፉ ላይስ ገባሁ።” አንዲት ጠጠር ከሰፌዱ አንስታ ወረወረች። “ደብተሩ ላይስ?”

ይህን ጥያቄ ጸሐፊዬም አልጠየቀኝ፣ እኔም ራሴን አልጠየቅሁ። ከጎንደር ሰው ሳስመጣ፣ ሴቶቹን ወፍጮ አስቁሜ ሳስቆጣ የከረምሁት የመሬት ቢሮው ከወፍጮ ቤቴ መንገድ ተሻግሮ እያለ ነው።

ሰኞ አብረን ገባን። ሠራተኛው፣ ውጭ ከተቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አስጽፋችሁ ኑ አለን። ጸሐፊ በቃኝ ብዬ ወረቀት ለመንሁና መስኮቱ ላይ ደግፌ ጀመርሁ። አራት መስመር ነው። እህቴ ከጎኔ ቆማ፣ የዳባት መኪና ሊያመልጠኝ ነው፣ አንተ ሰው ፍጠን እንጂ ትለኛለች።